ቀይ ቀለሙ እስከ እንጉዳዩ ጃንጥላ ወጣ፤ ውሃውም በዚያው መንገድ ሄደ ማለት ነው?

ጠያቂዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የማስተርስ ጥናቴ ኦይስተር እንጉዳይ ውሃ እንዴት እንደሚስብ ነው። እግሩን ቆርጬ ቀይ የምግብ ቀለም ውስጥ አቆምኩት። ጠዋት ስመጣ ጃንጥላው ሥር ድረስ ቀልቷል። ደስ ብሎኝ ለአማካሪዬ ባሳየው፣ «ይሄ ምንም አያረጋግጥም» አለኝ። ያለኝ ጥሩ ሚዛንና የፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ (የሚያበሩ ቀለሞችን የሚያሳይ) ነው። ምን ላድርግ?

እንጉዳይ አብቃዩ፦ አማካሪሽ እውነቱን ነው። እንጉዳይ እንደ ዛፍ የውሃ ቧንቧ የለውም። የተጠላለፉ ክሮች ናቸው፤ በመሃላቸው ክፍተት አለ። ቀለሙ በዚያ ክፍተት ጋዝ በኩራዝ ክር እንደሚወጣው ሊወጣ ይችላል። አንዱን ቀቅለሽ ቀለሙ ውስጥ አቁሚ። የሞተውም እኩል ከቀላ፣ ቀለሙ የወጣው እንጉዳዩ ሕያው ስለሆነ አይደለም ማለት ነው።

የላብ ሰው፦ መቀቀሉ ይቅር፤ ይኮማተርብሻል። ፍሪዘር ውስጥ አሳድሪና አቅልጪው። እሱም መለስለሱ አይቀርም፣ ግን ይሻላል። ለማይክሮስኮፑ ሉሲፈር የሎው የሚባለውን የሚያበራ ቀለም ሞክሪ። የሕያው ሴል ሽፋን በቀላሉ ስለማያልፍ በክሮቹ ውጪ ያለውን መንገድ ያሳይሻል። እግሩን ግን አትቁረጪ! ስትቆርጪ የክሮቹን አፍ ትከፍቻለሽ፣ ቀለሙም ዘው ይላል። ቀለሙን እንጉዳዩ የበቀለበት ጭድ ላይ ስጪው። ስታዪው ደግሞ ወዲያው በምላጭ ስሱ አድርገሽ ቁረጪ፤ አልኮል ውስጥ ከነከርሽው ቀለሙ ታጥቦ ይሄዳል።

አይሶቶፕ ወዳጅ፦ እኔ የምለው፣ ቀለም ውሃ አይደለም። ውሃውን ራሱን መከተል ካማረሽ ዲዩተሪየም (ከባዱ ሃይድሮጂን) ያለበት ከባድ ውሃ ነው መፍትሔው። ራዲዮአክቲቭ አይደለም፣ አትፍሪ። (በ1980 እንግሊዝ ውስጥ ፈንገስ ለፓይን ዛፍ ችግኝ ውሃ ሲያደርስ የተከታተሉት ትሪቲየም በሚባል ሌላ የሃይድሮጂን ዓይነት ነበር፤ እሱ ግን ራዲዮአክቲቭ ስለሆነ ፈቃዱ ያደክምሻል።) ሁለት ወጥመድ አለው። አንደኛ፣ ዲዩተሪየሙ ከሴል ግድግዳው ሃይድሮጂን ጋር ይለዋወጣል። ሁለተኛ፣ በእንፋሎት መልክ በአየር ይሻገራል። ስለዚህ ጭዱን በደንብ ሸፍኚ፤ አጠገቡ ከጭዱ ጋር ያልተገናኘ ሌላ እንጉዳይ አስቀምጪ። እሱም ዲዩተሪየም ካሳየ በአየር የመጣ ነው። ናሙናውን አየር በማያስገባ ብልቃጥ ወዲያው አቀዝቅዢ።

እንጉዳይ አብቃዩ፦ ሚዛኑንም አትናቂው። ጭዱ ያለበትን ከረጢት ከነእንጉዳዩ በየሰዓቱ መዝኚ፤ ከዚያ ጃንጥላዎቹን በላስቲክ ሸፍነሽ ድገሚው። ልዩነቱ ትነት ምን ያህል እንደወሰደ ይነግርሻል።

ጠያቂዋ፦ ሞከርኩት። ከፍሪዘር የወጣው ከሕያውም ፈጥኖ ቀላ! አማካሪዬ ሳቀብኝ። ከረጢቱን መመዘን ዛሬ ጀመርኩ። የዲዩተሪየም ናሙና የሚለካ ላብ የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ።