አዲስ ጀልባ፣ ማለቂያ የሌለው የጋራንቲ ጥገና፣ ስልክ የማያነሳ ሻጭ፦ ምን ላድርግ?

ባለአዲሱጀልባ

ሰላም ለሁላችሁም። ባጭሩ ልጽፍ ነበር ሐሳቤ፣ ግን ንዴቱ ስላለ አይሆንልኝም፤ ታገሱኝ።

አዲስ የፋይበርግላስ ጀልባ ከነሞተሩ ገዛሁ። ሞተሩ ከኋላ የሚታሰር የውጭ ሞተር ነው። ገና ከመውጣቴ ከወለሉ ሥር ውኃ መጠራቀም ጀመረ። የውኃ ማፍሰሻው ቀዳዳ ውታፍ ጠብቋል፣ አሳይቻለሁ። ጀልባው ውኃ ላይ ታስሮ ሲያድር ሆዱ ደረቅ ነው፤ ሲነዳ ውሎ ሲመለስ ግን ይቀዳል። ውኃ ማውጫ ፓምፑ ደግሞ በራሱ መነሳት ሲገባው አይነሳም፤ በእጅ ሳበራው ብቻ ይሠራል። የቤንዚን ጌጁ ይባስ፦ ታንኩን ሞልቼ ስነሳ ባዶ ይላል፣ ቤንዚኑ ሊያልቅ ሲል ሙሉ ይላል። በዚህ ጌጅ ተማምኖ ራቅ ብሎ የሚሄድ ካለ አብሬው አልሳፈርም።

ወሰድኩላቸው። የሸጠልኝ ሰውዬ ገንዘቡ እስኪገባለት ድረስ እሱ ነበር ደዋዩ፤ አሁን "ሰርቪስ ክፍሉን አናግር" ይላል። ሰርቪስ ክፍሉ "ከፋብሪካው መልስ እየጠበቅን ነው" ይላል። ፋብሪካው ጋ ስደውል "የሸጠልህን አናግር"። እነሱ ሲቀባበሉ ኳሱ እኔ ነኝ። መሃል ላይ "ተሠርቷል" ብለው መለሱልኝ፤ ጌጁን በአዲስ ለውጠውታል፣ አዲሱም እንደ ድሮው ይዋሻል። ፓምፑም ያው ነው። ዳሽቦርዱ ሥር ደግሞ ጫፉ ያልታሰረ ሽቦ ተንጠልጥሎ አገኘሁ። ምን እንደነኩ የሚገልጽ ወረቀት የለም። ጀልባው ተመልሶ ግቢያቸው ፀሐይ ላይ ቆሟል፣ የጋራንቲው ቀን ይቆጥራል።

ሌላ መካኒክ ጋ ባሠራው ጋራንቲው ይበላሽብኛል? ማንንስ ነው አንቄ የምይዘው?

ነፋሻው

ስማቸውን አውጣና በየቦታው ለጥፍ። ቪዲዮ ሥራ። በማግስቱ ራሳቸው ይደውሉልሃል።

የሰርቪስጠረጴዛ

ነፋሻው፣ እሱ የመጨረሻው ጥይት ነው። ቀድሞ ከተተኮሰ የሚያናግርህ ሰርቪስ ክፍሉ መሆኑ ይቀርና ጠበቃቸው ይሆናል።

ወንድሜ፣ እኔ ጀልባ ሻጭ ቤት ሰርቪስ ጠረጴዛ ላይ ለዓመታት የሠራሁ ሴት ነኝ። አንተ የምትጮህበት ስልክ የሚጮኸው እኔ ጋ ነበር። ከውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ልንገርህ።

መጀመሪያ፣ በእጅህ ያለው ጋራንቲ አንድ አይደለም። ቀፎው፣ ማለትም የጀልባው አካል፣ የጀልባ ፋብሪካው ነው። ሞተሩ የሞተር አምራቹ ነው፣ ጊዜውም ለብቻው ነው የሚቆጠረው። ፓምፑና ጌጁ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሌላ አምራች ዕቃ ናቸው፤ ገጠማው ግን የፋብሪካው ሥራ ነው። "ጀልባዬ ተበላሸ" ብለህ ስትደውል እያንዳንዱ ወደ ሌላው የሚገፋህ ለዚህ ነው። ሦስቱን ብልሽት ለየብቻ ጻፍ።

ሁለተኛ፣ ገንዘቡ። ሻጩ የጋራንቲ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ፎቶና የመለያ ቁጥር ልኮ ፈቃድ ያገኛል። ፋብሪካው የሚከፍለው ለሥራው በወሰነው ሰዓት ልክ ነው፤ ብልሽቱን ፈልጎ ለማግኘት የሚጠፋው ሰዓት ብዙ ጊዜ በቅጡ አይከፈልም። ውኃ ከየት እንደሚገባ መፈለግ ደግሞ ከነአካቴው ፍለጋ ነው። የጀልባ ወቅት ሲደርስ ከኪሱ የሚከፍል ደንበኛ ይቀድማል፣ ያንተ ግቢ ውስጥ ይቆማል። ልክ ነው አላልኩም፤ ሲደረግ ግን አይቻለሁ።

ስለዚህ "ምን ደረሰ?" ብለህ አትጠይቅ። መልሱ "እየጠበቅን ነው" ነው፣ ምንጊዜም። "የጋራንቲ ጥያቄው የተላከው በስንት ቀን ነው? ቁጥሩ ስንት ነው?" በል። ቁጥር ከሌለ አልተላከም ማለት ነው፤ ማንም ምንም እየጠበቀ አይደለም።

ይህን በኢሜይል አድርገው፣ ለሰርቪስ ኃላፊው፣ ፋብሪካውንም በግልባጭ ጨምር። የቀፎውን ቁጥር አትርሳ። ከኋላ በቀኝ በኩል፣ ላይኛው ጠርዝ አካባቢ ተቀርጾ ታገኘዋለህ፤ 12 ፊደልና አኃዝ ነው፣ የአገር ምልክት ካለው 14። የሞተሩ ቁጥር ሌላ ነው፣ ማሰሪያው ላይ ተለጥፏል። ግማሹ የጋራንቲ ጥያቄ የሚመለሰው ቁጥር ጎደለው ተብሎ ነው ብል አላጋነንኩም።

ጀልባውን ስታስረክብም ስትረከብም የሥራ ትዕዛዝ ወረቀት ጠይቅ፦ ያመለከትከው ብልሽት፣ ያገኙት ምክንያት፣ ያደረጉት ጥገና። ወረቀት ሳይኖር "ተሠርቷል" የሚባል ነገር የለም። ግቢያቸው የቆመበት ጊዜ ጋራንቲው ላይ እንዲታሰብልህም በጽሑፍ ጠይቅ፤ እምቢ ሊሉ ይችላሉ፣ ቢያንስ ብልሽቱን ጋራንቲው ሳያልቅ ማመልከትህ በቀን ይመዘገባል።

ሌላ መካኒክ ላልከው፦ አይቶ የምርመራ ወረቀት ቢጽፍልህ ችግር አይፈጥርም፤ ነቅሎ ቢጠግን ግን "የተነካ ነው" ብለው ይይዙሃል። የሞተሩን መደበኛ ሰርቪስ ግን በጠቡ ምክንያት አታሳልፍ። ብዙ የውጭ ሞተሮች የመጀመሪያውን በ20 ሰዓት፣ ከዚያ በየ100 ሰዓቱ ወይም በየዓመቱ ይፈልጋሉ። ደረሰኙን አስቀምጥ።

ጋሽ_ቡሎን

እህቴ ጥሩ ብላለች። እኔ ወረቀት አላውቅም፣ ብረት ነው የማውቀው።

ጌጁ አልዋሸህም ልጄ፣ ቋንቋ ተደበላልቆበት ነው። ታንኩ ውስጥ የሚገባው መለኪያ ሁለት ዓይነት አለ። አሜሪካው ባዶ ሲሆን 240 ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው)፣ ሙሉ ሲሆን 33 ይሰጣል። አውሮፓው ተገላቢጦሽ ነው፤ ባዶ ሲሆን 10፣ ሙሉ ሲሆን 180። የአንዱን መለኪያ ከሌላው ጌጅ ጋር ካገናኘህ ሙሉውን ባዶ ይልሃል። መቶ ጊዜ ጌጅ ቢቀያይሩ ያው ነው፣ አንደኛው ከሌላኛው ጋር መግጠም አለበት። በቴስተር ለክተው ቁጥሩን ይጻፉልህ። መለኪያውን ከታንኩ የሚነቅሉ ከሆነ ሲመልሱ ጎሚኒው በደንብ መቀመጡን አሽትተህም ቢሆን እይ። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፣ ወለሉ ሥር ይተኛል፤ እዚያ ብልጭታ ካገኘው ጋራንቲ አይመልስህም። ከሸተተህ ሞተር አታስነሳ።

ፓምፑ፦ ውኃ ሲሞላ ከፍ ብሎ ፓምፑን የሚያስነሳውን ተንሳፋፊ በእጅህ ወደ ላይ አንሳው። ዋናው የባትሪ ማብሪያ ሲበራ ፓምፑ ተነስቶ ሲጠፋ ዝም ካለ፣ ሽቦውን ከማብሪያው በኋላ አስረውታል። የራሱ ፊውዝ ኖሮት በቀጥታ ከባትሪው መምጣት አለበት፤ ጀልባው ሰው በሌለበት ሲያድር ነው የሚያስፈልገው። ሁለቱም ጊዜ ዝም ካለ ያቺን የተንጠለጠለች ሽቦ ተከተላት።

ጀልባው ቆሞ ሳለ ውኃ ካልገባ ከቀፎው ሥንጥቅ ይልቅ ከፍ ያሉ ቦታዎችን እጠረጥራለሁ፦ የሞተር ማሰሪያ ቡሎኖችን፣ ከጎን የሚወጡትን ቱቦዎች። የፓምፑ ማስወጫ ቱቦ ከላይ ላልቶ ከሆነ ያወጣውን መልሶ ሆድ ውስጥ ያፈሳል። ተሳቢ ላይ እያለ ውታፉን ገጥመህ ትንሽ ውኃ ጨምርና ፓምፑን አብራ፣ በየት እንደሚንጠባጠብ ታያለህ። አታብዛው፣ አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነው፣ ተሳቢው ይጎበጣል። ሲሊኮን ግን እንዳትቀባ! ከቀባህ ምክንያቱን ሸፍነህ ጥፋቱን ለራስህ ትወስዳለህ።

ባለአዲሱጀልባ

የሰርቪስጠረጴዛ፣ እንዳልሽው ጻፍኩ። ቁጥር ስጠይቅ ቀኑን ሙሉ ዝም አሉ፣ ማታ "ዛሬ ተልኳል" የሚል ኢሜይል መጣ። ዛሬ! ይኼ ሁሉ "ከፋብሪካው እየጠበቅን ነው" ምን እየጠበቀ እንደነበር እንግዲህ እናንተ ንገሩኝ። ፋብሪካው ግን ግልባጩን ስላየ በቀጥታ መለሰልኝ፣ የታንኩን መለኪያ ፎቶ ጠየቀ።

ጋሼ፣ ግቢያቸው ሄጄ ተንሳፋፊውን አነሳሁት። ማብሪያው ሲበራ ይነሳል፣ ሲጠፋ ዝም። መካኒኩ አጠገቤ ቆሞ አይቷል፣ የሥራ ትዕዛዙ ላይ አስጽፌያለሁ። የውኃው ፍለጋ ለሐሙስ ተቀጥሯል። ተሳቢው ላይ ሲሞክሩት እኔም እቆማለሁ ብያቸዋለሁ፤ ፊታቸው አላማረኝም፣ ግን እሺ ብለዋል።

ጋሽ_ቡሎን

የእጅ ባትሪ ይዘህ ሂድ። ቡሎኖቹን ከውስጥ በኩል ነው የምታያቸው።