«በትንሽ ሰው ያንኑ ሥራ»? ማንን ለማሞኘት ነው?

ታዛቢው፦ የማዘጋጃ ቤቱን ሪፖርት ያነበበ አለ? «ከኮሮና ወረርሽኝ በኋላ በትንሽ ሰው ያንኑ ሥራ እየሠራን ነው» ይላል። በኩራት! እስቲ በትምህርት ቤቱ መንገድ እለፉ። መሀል አስፋልቱ ላይ ያለው ጉድጓድ ጎማ ይውጣል። አንድ ደግ ሰው እንጨት ተክሎ ቀይ ፌስታል አስሮበታል። የመንገድ ሥራ ክፍላችን በአሁኑ ሰዓት ያ ፌስታል ነው።

ሒሳብ አዋቂ፦ ወንድሜ፣ አንድ መስመር መዘህ አትጩህ። በ2020 (በፈረንጆቹ) ገቢ ወረደ፣ ቅጥር ታገደ፣ ጡረታ የወጡት አልተተኩም። እንዲያም ሆኖ ቆሻሻ ይነሳል፣ ውሃ አለ፣ የማንም ደሞዝ አልተቋረጠም። ከዚህ በላይ ምን ያድርጉ?

ቧንቧው፦ «ቆሻሻ ይነሳል፣ ውሃ አለ» ነው ያንኑ ሥራ የሚባለው? የውሃ ክፍል ሰው ነኝና ልንገርህ። ድሮ በየመስመሩ ጫፍ እየዞርን ውሃ እናፈስ ነበር፣ ምክንያቱም ቱቦ ውስጥ የቆመ ውሃ ክሎሪኑ ይጠፋል። ቫልቮቹንም አልፎ አልፎ ካልከፈትካቸውና ካልዘጋሃቸው ዝገው ይያዛሉ፣ ከዚያ ቧንቧ የፈነዳ ቀን የአንዱን ሰፈር ውሃ ለመዝጋት ግማሽ ከተማ ታስጠማለህ። አሁን ይኼን የሚሠራ የለም። ስልክ ሲደወል መሮጥ ብቻ ነው።

ሒሳብ አዋቂ፦ ሪፖርቱ የሚያወራው ሕዝቡ ስለሚያገኘው አገልግሎት ነው እንጂ ስለ ቫልቭ አይደለም።

ቧንቧው፦ ሕዝቡ የሚያገኘው በቫልቭ ነዋ!

የሦስት ልጆች እናት፦ አገልግሎት ካላችሁ እኔም ልግባ። እናቴን የልደት ምስክር ወረቀት ላወጣላት ይዣት ሄድኩ። «ኦንላይን ሙሉ» አሉን። እናቴ ስልክ የምታውቀው ለመደወል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የአስቸኳይ ጊዜውን በሜይ 2023 አንስቷል፣ የእኛ መስኮት ግን «ለጊዜው ዝግ ነው» የሚለውን ወረቀት አላነሳም። ወለሉ ላይ የተለጠፈው «ርቀትዎን ይጠብቁ» ግማሹ ተልጦ አሁንም አለ። ከማን እንደምንርቅ እንጃ፣ መስኮቱ ላይ ሰው የለም።

ፈጣኑ፦ እኔ ደግሞ ኦንላይኑን በጣም ነው የወደድኩት። ፈቃድ ቤቴ ቁጭ ብዬ አሳደስኩ። ሰልፍ የናፈቀው ይሰለፍ።

የሦስት ልጆች እናት፦ ሰልፍ ማን ናፈቀ? ለሰማኒያ ዓመት አሮጊት አንድ ሰው መስኮት ላይ ይቀመጥ ነው ያልኩት። አንተም ታረጃለህ።

ታዛቢው፦ ወደ ጉድጓዱ እንመለስ። ያ ጉድጓድ መጀመሪያ ስንጥቅ ነበር። ያኔ ሬንጅ ቢፈስበት ያልቅ ነበር። ውሃ ገብቶ ሥሩን ካላላው በኋላ ግን ቆርጦ አውጥቶ እንደገና መሙላት ነው። እና «በትንሽ ሰው» የዳነው ገንዘብ የት ደረሰ? ለነገ ዕዳ ነው የተቆጠበው። ደግሞ የአደጋ ጊዜ ድጎማ መጥቶ አልነበር?

ሒሳብ አዋቂ፦ መጥቷል። ግን የአንድ ጊዜ ገንዘብ ነው። በሱ ቋሚ ሠራተኛ ብትቀጥር፣ ሲያልቅ ደሞዙን ከየት ታመጣለህ? መልሰህ ልታባርር? ለዚህ ነው ዕቃ የተገዛበት።

ቧንቧው፦ አዎ፣ የቆሻሻ መኪና ተገዛ። ሹፌር የለውም። ግቢ ውስጥ የመቀመጫው ላስቲክ እንኳን ሳይነሳ ቆሟል።

ሒሳብ አዋቂ፦ ለዚያ እኮ ነው የቆሻሻው ሥራ ለኮንትራክተር የተሰጠው።

ታዛቢው፦ አሁን ገባኝ! «በትንሽ ሰው» ማለት ሰዎቹ ከደሞዝ ዝርዝር ወጥተው በኮንትራት ክፍያ በኩል ተመልሰው ገቡ ማለት ነዋ። በዚያ ላይ ኮንትራክተሩ ውሉ ላይ ካለው ውጭ ጣቱን አያነሳም። ቦይ ጥረጉ ብትለው «ውላችን ላይ የለም» ነው መልሱ። የድሮዎቹ ልጆች ሳይነገራቸው ይጠርጉት ነበር።

ፈጣኑ፦ የድሮዎቹማ ከሰዓት በኋላ ጥላ ሥር ነው የማውቃቸው 😂

ቧንቧው፦ አፍህን ሰብስብ። ሁሉም ሰው ቤቱ ሲዘጋ እነሱ ናቸው ጭምብል አድርገው የወጡት። የቢሮው ቆሻሻ ወደ መኖሪያ ቤት ሲዞር በየበሩ የተቆለለውን ማን አነሳው? አንተ ያኔ ፒጃማ ለብሰህ ነበር።

ፈጣኑ፦ እኔ በፒጃማም ብሆን ግብሬን ከፍያለሁ።

የሦስት ልጆች እናት፦ ሒሳብ አዋቂ ግን እዚያው ነው እንዴ የሚሠራው? ሪፖርቱን በቃሉ ነው የሚያውቀው።

ሒሳብ አዋቂ፦ ብሠራስ? ቁጥሩ ይለወጣል? ሁላችሁም ሰው ይቀጠር ትላላችሁ፣ ግብር ትንሽ ይጨመር ሲባል ደግሞ ስብሰባው ላይ በጩኸት ያፈረሳችሁት እናንተው ናችሁ።

ታዛቢው፦ የጮህነው ጉድጓዱ ሳይደፈን ጨምሩ ስላላችሁን ነው።

ሒሳብ አዋቂ፦ በምን ይደፈን ታዲያ?

ቧንቧው፦ ያንኑ ሥራ በሚሠሩት ትንሽ ሰዎች 😏 ደግሞ እባካችሁ፣ እርጥብ ሶፍት መጸዳጃ ውስጥ አትጣሉ። አይሟሟም። ትናንት ከፍሳሽ መስመሩ በክንዴ ነው ጎትቼ ያወጣሁት።

ፈጣኑ፦ ማሸጊያው ላይ ይጣላል ይላል እኮ።

ቧንቧው፦ ና እና አንተ አውጣው።