ከቆጣሪ በፊት የፈነዳ ቧንቧ የማን ኃላፊነት ነው?

ሰላም ለሁላችሁም። እባካችሁ የሚያውቅ ሰው ይምራኝ፣ ግራ ገብቶኛል።

አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው የምኖረው። ሰፈራችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፣ ሐሙስ ሌሊት። እሱን ለምደነው ነበር። አሁን ግን ከግቢው በር ውጭ፣ ኮብልስቶኑ ስር ቧንቧው ፈንድቷል። ባለፈው ሐሙስ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ወርጄ ሳይ ንጹህ ውሃ በድንጋዮቹ መሃል እየፈለቀ ወደ ቦዩ ይወርዳል፣ የእኛ ሮቶ ደግሞ ባዶውን ቆሟል። ጠዋት አራተኛ ፎቅ ያሉት እናት ጉልበታቸውን እያመማቸው ጀሪካን ይዘው ደረጃውን ሲወጡ አገኘኋቸው። አንጀቴ ነው የተቃጠለው።

አንዱ ቢሮ ሄድኩ፣ "መንገድ ሲሠራ ነው የተጎዳው፣ እነሱን ጠይቁ" አሉኝ። የመንገዱ ቢሮ ደግሞ "የውሃ ጉዳይ እኛን አይመለከትም" ብሎ መለሰኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ደጅ ስጠና ከረምኩ። እኔ የማውቀው ከቆጣሪ በኋላ ያለው መስመር የደንበኛው፣ ከዚያ በፊት ያለው የአቅራቢው እንደሆነ ነው። የውሃ ቢሉ ግን አይቀርም፣ የቆሻሻ ማንሻውም ክፍያ አብሮት ይመጣል።

እንዲህ ገጥሟችሁ ያስጠገናችሁ ካላችሁ እንዴት አደረጋችሁ? የነዋሪዎች ኮሚቴ ማህተም ያለበት ደብዳቤ ይሻላል ወይስ በራሴ ስም ላመልክት? ለእንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ለማለትስ መጀመሪያ ከቢሮዎቹ የጽሑፍ መልስ መያዝ አለብኝ? በቃል ነው እስካሁን የመለሱልኝ። ፎቶና ቪዲዮ አለኝ። ሐሙስ ሳይደርስ ብትነግሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።