አርቲስት ጋብዘን ለተማሪዎቻችን ንግግርና ወርክሾፕ ልናዘጋጅ ነው፣ ከየት ልጀምር? (ደሴ)

የጦሳዋ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁም። እዚሁ ወሎ አንድ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ክፍል አስተምራለሁ፣ ገና አዲስ ነኝ። ኃላፊያችን ስብሰባ ላይ ልጆቹ ከእኛ ከመምህራኑ ሌላ አርቲስት በዓይናቸው አይተው አያውቁም ሰው ይጋበዝላቸው አለና ዞሮ ዞሮ ስራው እኔ ላይ ወደቀ። ሁለት ሰው ከአዲስ አበባ አስቤያለሁ፣ አንዱ ሰዓሊ ነው ስላይድ እያሳየ ስለ ስራው ያወራል፣ አንዷ የህትመት አርቲስት ናት ውድከት (እንጨት ተቀርጾ የሚታተም ሥዕል) ወርክሾፕ ትሰጣለች። በስልክ አውርቻቸው እሺ ብለዋል። ልጆቹ 2ኛና 3ኛ ዓመት ተደምረው ወደ 40 ይሆናሉ፣ ፕሬስ (የህትመት መጫኛ ማሽን) የለንም፣ በጀት "አለ" ተብሏል ስንት እንደሆነ የሚነግረኝ ግን አላገኘሁም ሃሃ። ክፍያው በምን ስም ነው የሚጠየቀው? 40 ልጅ አንዴ ይቻላል ወይ? ያለ ፕሬስስ ይሆናል? ዕቃው ደሴ ይገኛል ወይስ ከአዲስ አበባ ላስመጣ? ንግግሩ ደግሞ እንዳይሰለች ምን ላድርግ፣ ባለፈው የመጣ እንግዳ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲቪውን አንብቦልን ነው የሄደው።

አባ ፕሮፎርማ፦
እህቴ የሌላ ዩኒቨርሲቲ ፋይናንስ ነኝ፣ በኛ በኩል ያለውን ልንገርሽ። "እንግዳ ጋብዘናል" ብለሽ ደብዳቤ ከጻፍሽ ጠረጴዛ ላይ ያድራል፣ እንግዳ የሚባል የወጪ መደብ የለማ። "ለተማሪዎች የተግባር ስልጠና" ብለሽ ማን፣ ምን፣ ስንት ሰዓት፣ ለስንት ተማሪ የሚል አንድ ገጽ ዝክረ ተግባር አያይዢና በትምህርት ክፍል ኃላፊ በኩል ወደ ዲን፣ ከዲን ወደ ላይ ይሂድ። ከሁሉ በፊት ግን በዓመቱ ዕቅድ ውስጥ መኖሩን አረጋግጪ፣ ዕቅድ ውስጥ ከሌለ ከማህበረሰብ አገልግሎት በኩል የሚገኝ ነገር ካለ ጠይቂ።

ሰዎቹ ቲን ቁጥር አላቸው ወይ የሚለውን አሁኑኑ ጠይቂያቸው፣ ከሌላቸው የሚቆረጥባቸው ግብር ከባድ ነው ከዚያ ከአንቺ ጋር ነው የሚጣሉት። ከመንግስት መስሪያ ቤት የሚመጣ ከሆነ ውሎ አበሉ በስኬል ነው፣ የግል ሰው ከሆነ ግን ሁሉም በአገልግሎት ክፍያው ውስጥ ይጠቃለል። ቲኬቱን ግቢው ራሱ ይግዛ፣ ሰውየው በኪሱ ከፍሎ "ይተካልዎታል" ከተባለ መቼ እንደሚተካለት እኔም አላውቅም። ለዕቃ ሶስት ፕሮፎርማ ይዘሽ ካልመጣሽ ግዢ ክፍል አያናግርሽም። እና እባክሽ በሰኔ አታምጪብን፣ በጀት ሐምሌ 1 ነው የሚከፈተው፣ ሰኔ ላይ ደጃፋችን ቆመሽ ብትለምኚም አይሆንም።

ቀለምና ውሃ፦
እኔ ደግሞ የምጋበዘው በኩል ነኝ፣ ሰዓሊ ነኝ፣ ብዙ ግቢ ሄጃለሁ። ንግግር ንግግር ትያላችሁ እንጂ ተጋባዥ ለተማሪ የሚጠቅመው በንግግሩ አይደለም፣ ተማሪው የሰራውን አይቶ "ይሄ ጥግ ለምን ባዶ ቀረ" ብሎ በጠየቀበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ሰዓሊውን ንግግሩን አስደርገሽ በማግስቱ አትሸኚው፣ አንድ ቀን ጨምሪና ልጆቹ ስራቸውን ግድግዳ ላይ ሰቅለው አንድ በአንድ ክሪቲክ ይስጣቸው። ለአንድ ልጅ 20 ደቂቃ ብትይ በቀን ከ15 አያልፍም፣ ስም ዝርዝር በር ላይ ለጥፊ ፈልጎ የተመዘገበ ይግባ። ያልጨረሱትን ይዘው ይቅረቡ፣ የተጨረሰ ስራ ላይ ምን ይባላል ቆንጆ ነው ከማለት በቀር።

ለንግግሩ አስቀድመሽ ደውዪና እንዲህ በይው፦ ሲቪህን እኛ ፖስተሩ ላይ እንጽፈዋለን አንተ ከ20–25 ምስል አታስበልጥ፣ ግማሹ ያለቀ ስራ ሳይሆን ንድፍና የተበላሸ ይሁን፣ አንድ ሥዕል ከባዶ ሸራ እስከ መጨረሻው ያለፈበትን በፎቶ ካለህ እሱን አምጣ። ተማሪ የሚነቃው እዚያ ላይ ነው። ጥያቄ ደግሞ ከአንድ ቀን በፊት በወረቀት ሰብስቢ፣ አዳራሽ ውስጥ "ጥያቄ ያለው?" ሲባል የሚነሳው ሁልጊዜ ያው አንድ ልጅ ነው።

አሁን የሚያናድደኝን ልናገር። አንድ ቦታ (ስሙን ልተወው) ሶስት ቀን አስተምሬ ስጨርስ "ለግቢው ማስታወሻ አንድ ስራ ትተው ይሂዱ" ተባልኩ፣ ክፍያው ውስጥ ያልነበረ፣ በሁሉም ፊት፣ እምቢ እንዳልል ሰው ሁሉ እያጨበጨበ። ስዕል ከፈለጋችሁ ግዙ። ካልሆነ አታንሱት።

ሰኞ ገበያ ፍሬም ቤት፦
አብሽሪ እህት፣ ዕቃው የሚያስጨንቅ አይደለም። አቡጀዲ፣ ቪናቪል፣ ጄሶ፣ ኮምፔንሳቶ፣ ብርጭቆ ወረቀት ሁሉም እዚሁ ደሴ አለ፣ ኮምፔንሳቶውን አናጺ ቤት ወስደሽ በልክ አስቆርጪው በሙሉ ሉክ ይዘሽ ግቢ አትግቢ። የማይገኘው የመቅረጫ ስለትና ጥሩ ሮለር ነው፣ እሱን አርቲስቷ ከዚያው ይዛ ትምጣ ሂሳቡን ለብቻ ያዢላት። ፋብሪያኖ የሚባለው የሥዕል ወረቀት አልፎ አልፎ ይመጣል፣ በሱ አትተማመኚ። ፕሮፎርማ ከፈለግሽ ደግሞ ደረሰኝ ያለው ሱቅ መርጠሽ ሂጂ፣ እኛ ጋ ርካሽ የሆነው ሁሉ ደረሰኝ የለውም ወላሂ።

ማንኪያ ጀርባ፦
ህትመት አስተምራለሁ። ፕሬስ የለንም ብለሽ አትጨነቂ፣ ጃፓኖች ያንን ሁሉ ውድከት ያተሙት ባረን በሚባል በእጅ በሚፈተግ ነገር ነው። እኛ የማንኪያ ጀርባ እንጠቀማለን፣ የእንጨት ከሆነ ደግሞ የተሻለ ነው ወረቀት አይቀድም። ወረቀቱ ግን ስስ መሆን አለበት፣ ወፍራም ፋብሪያኖ በማንኪያ ብትፈትጊ ክንድሽ ይዝላል እንጂ አይታተምም፣ ስለዚህ ፍሬም ቤቱ አትተማመኚበት ያለሽ ወረቀት አያስፈልግሽም።

ኮምፔንሳቶው ፊቱ በብርጭቆ ወረቀት ይለስልስ፣ ከዚያ በስስ ጥቁር ቀለም ይቀባና በጠመኔ ይሳልበት፣ እንዲህ ሲሆን የተቀረጸው ነጣ ብሎ ይታያል ልጁ ምን እንደቀረና ምን እንደሄደ ያያል። ፊደል ያለበት ሁሉ ተገልብጦ ነው የሚቀረጸው፣ ይሄንን መቶ ጊዜ ብትናገሪም አንድ ልጅ ስሙን በቀጥታ ቀርጾ ይመጣል። ስለት የያዘ እጅ ወደ ውጭ ይግፋ፣ ሌላኛው እጅ ምንጊዜም ከስለቱ ኋላ እንጂ ፊት አይሁን፣ ፋሻና አልኮል ክፍሉ ውስጥ አስቀምጪ።

ቀለም፦ ደሴ ማተሚያ ቤት የሚያውቅ ሰው ካለሽ የኦፍሴት ጥቁር ቀለም ቆርቆሮ ውስጥ የተረፈ ለምኚ፣ በጣም ጥሩ ነው። መስታወት ላይ ትንሽ አድርገሽ በሮለር ዘርጊው፣ በስሱ እሽሽ የሚል ድምፅ ሲሰጥ ልክ ነው፣ ጭልቅ ጭልቅ ካለ በዝቷል፣ ቀጭኗን መስመር ሁሉ ይሞላታል። ግን የኦፍሴት ቀለም ቶሎ አይደርቅም፣ በደሴ ብርድማ ጭራሽ፣ ገመድ ዘርግታችሁ በመቆንጠጫ ስቀሉትና ይደር፣ ተማሪ ደብተሩ ውስጥ ከቶት እንዳይሄድ። ለማጽዳት አኳራጅ (የቀለም ማቅጠኛ) አትጠቀሙ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ራስ ያዞራል፣ መጀመሪያ በምግብ ዘይትና በጨርቅ ከዚያ በኦሞ ይለቃል።

40 ልጅ አንዴ አይሆንም። 12 ወይም 15፣ ከዚያ በላይ ከሆነ አስተማሪዋ እጅ እያየች አይደለም ትራፊክ እየመራች ነው። ለሶስት ክፈያቸው፣ ለእያንዳንዱ ቡድን ሁለት ግማሽ ቀን፣ አንዱ መቅረጫ አንዱ ማተሚያ። ንድፋቸውን ግን እሷ ከመምጣቷ በፊት ጨርሰው ይጠብቋት፣ ከአዲስ አበባ ሰው አስመጥቶ "ምን ልሳል" እያሉ ግማሽ ቀን ማቃጠል ያሳዝናል። የሰዓሊው ዘሪሁን የትምጌታን ውድከቶች ምስል ፈልገሽ ቀድመሽ አሳዪያቸው፣ ጥቁርና ነጭ ብቻውን ምን ያህል እንደሚሄድ ይገባቸዋል።

3ኛ ዓመት ነኝ፦
ቲቸር እርስዎ የኛ መምህር ካልሆኑ ይቅርታ፣ ከሆኑም ይቅርታ ሃሃ። እንደ ተማሪ የምለው ንግግሩ በአማርኛ ይሁንልን። አምና የመጡት ሰው ግማሹን በእንግሊዝኛ ነው ያወሩት እኛም አጨብጭበን ወጣን። ሁለተኛ ሴቶቹ ክሪቲክ ላይ ስማቸውን ለመጻፍ ያፍራሉ ወንዶቹ ቀድመው ይሞሉታል፣ ዝርዝሩ ላይ ለሴቶች ቦታ ቢያዝ ደስ ይለናል። ሰርተፍኬት ካለ ደግሞ ሁሉም ይመጣል፣ ካለ ነው ያልኩት።

የሐይቅ ልጅ፦
ልጄ ከአዲስ አበባ ብቻ ለምን? ሰዓሊው ታደሰ መስፍን ወልድያ ነው የተወለደው፣ በ1945 ግድም፣ ከገብረ ክርስቶስ ደስታ ተምሮ በኋላ እሱም ስንቱን ሰዓሊ ያስተማረ ሰው ነው። ሸማ ለብሰው ገበያ ላይ የቆሙ ሴቶችን የሳለበትን ስዕል ለልጆቹ አሳዪያቸው፣ ሴቶቹ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብለው ነው የሚቆሙት፣ ሰኞ ገበያ ወርደው ያዩትን ነገር ነው። የእንግዳ መምህር ነገር ከተነሳ ደግሞ ሰዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን በ1950ዎቹ መጨረሻ ከፓሪስ ተመልሶ አለ ፈለገ ሰላም ባቋቋመው የሥነ ጥበብ ት/ቤት ያስተማረው ጥቂት ዓመት ነው፣ እስከ ዛሬ ስሙ ይነሳል።

እንግዶቹ ሲመጡ አንድ ከሰዓት ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ይዛችኋቸው ኑ፣ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል በ1273 ዓ.ም. አካባቢ የተጻፈ ባለ ሥዕል ነው፣ መጽሐፉን ለማየት ግን ቀድሞ ደብዳቤ ይዞ ማስፈቀድ ነው እንጂ በር ላይ ደርሶ አይሆንም። ገዳሙ ውስጥ ሴት አይገባም፣ እሱን ቀድማችሁ ለልጆቹ ንገሯቸው እዚያ ደርሰው እንዳይከፋቸው። ሽማኔና ሰፌድ የምትሰፋ ባለሙያም ጋብዙ፣ ቀለም መምረጥ ከሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ቡና ሳልጠጣ፦
የሐይቁ ጋሼ ሀሳብዎ ደስ ይላል ግን ባለሙያዋን ጠርቶ ልጆች ፊት አስቀምጦ ፎቶ ማንሳት እንዳይሆን እፈራለሁ፣ እንዲህ አይነት ነገር በየበዓሉ አይተናል። ከተጠራች እንደ ሰዓሊው ትከፈል፣ እንደ ሰዓሊውም ታስተምር፣ ልጆቹ ቁጭ ብለው አለላ ይያዙ።

የሐይቅ ልጅ፦
ልክ ነሽ እንደሱ ነው ያልኩት። ግን አባ ፕሮፎርማ ይስማ፣ እሷ ቲን ቁጥር ከየት ታመጣለች?

አባ ፕሮፎርማ፦
ጋሼ አውጥታ መስጠት ነው፣ ወረዳው ገቢዎች ጋር ሄዳ ታወጣለች ብዙ አያስቸግርም፣ አብሯት የሚሄድ አንድ ተማሪ መድቡላት።

የጦሳዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ እጅግ ነው የጠቀማችሁኝ። ዕቃውን ከእዚሁ እገዛለሁ፣ በሶስት ቡድን አድርጌዋለሁ፣ ክሪቲኩን ለሰዓሊው ነግሬው እሱም ደስ ብሎታል ንግግሩን እንኳን ቀንሱልኝ ብሏል። ሁለት ነገር ቀረኝ። ህዝብ ግንኙነት ሁሉንም በቪዲዮ ቀርጾ ፌስቡክ ላይ ሊለቅ ይፈልጋል፣ እና ምሳ።

ቀለምና ውሃ፦
ቪዲዮውን ቀድመሽ አስፈቅጂ፣ በወረቀት። በ410/1996 የቅጂ መብት አዋጅ የስራው መብት የአርቲስቱ ነው፣ ስላይዱ ላይ ያሉት ሥዕሎች ሁሉ የሱ ናቸው። ንግግሩን ልቀቁ ስላይዱን አትልቀቁ የሚልም አለ፣ መጠየቅ ነው። ወርክሾፑ ላይ እሷ ለማሳያ የቀረጸችው እንጨትም የሷ ነው፣ ልጆቹ ያተሙት የልጆቹ።

ሰኞ ገበያ ፍሬም ቤት፦
ምሳውን በያይነቱ አድርጊው። ስጋ ካደረግሽ የማን ስጋ ነው ይመጣል፣ ጾም ከሆነ ሁሉም አንድ ትሪ ላይ ይበላል ወሎ አይደል። አርብ ደግሞ ከቀትር በፊት ጨርሱ ጁምዓ አለ፣ ረመዳን ከገባ ወርክሾፑን ጠዋት ብቻ።

ማንኪያ ጀርባ፦
የበረራውንም ነገር አስቢ፣ ኮምቦልቻ ነው የሚያርፉት ከዚያ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ የግቢ መኪና ቀድመሽ ያዢ። እንደደረሱ በዚያው ቀን ወርክሾፕ አታስጀምሪ፣ በረራ ቢዘገይ ወይ ቢሰረዝ 15 ልጅ ስለት ይዞ ይቀመጣል። መብራት ከጠፋ ለንግግሩ ጄኔሬተር ያለው አዳራሽ ይሁን፣ ህትመቱ ግን መብራት አይፈልግም መስኮት አጠገብ ከሆነ። ሮለር ስንት አላት ብለሽ ጠይቂያት፣ ለአምስት ልጅ አንድ ካነሰ ሰልፍ ነው።

የጦሳዋ፦
ሶስት አለኝ ብላኛለች። ለ15 ልክ ነው ማለት ነው።

ማንኪያ ጀርባ፦
ልክ ነው። አንዱን ለጥቁር ብቻ አስቀሪው፣ ባለ ቀለም ከነካው ቀኑን ሙሉ ግራጫ ነው የምታትሙት።