አስቸኳይ፦ ሦስት መምህራን ባንድ ቀን መልቀቂያ አስገቡ፣ ምን ላድርግ?

ምክትል (ጠያቂ)፦
ሰላም ለቤቱ። ዛሬ ጠዋት ሦስት መምህራን መልቀቂያ አስገቡ። ሁለቱ ሒሳብ፣ አንዱ ፊዚክስ። ሰኞ የሚድ ፈተና ይጀምራል። ዳይሬክተሩ «ሴሚስተሩ ሳያልቅ ክሊራንስም የሥራ ልምድም የለም» የሚል ደብዳቤ ለነገ እንዳዘጋጅ አዝዞኛል። ይቻላል እንዴ? እንዴትስ ላስቀራቸው? እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።

ቾክ በኪስ፦
የግል ነው የመንግሥት? ስንተኛ ክፍል? ይህን ሳትጽፍ ምን እንመልስልህ ወንድሜ።

ምክትል፦
የግል፣ አዲስ አበባ፣ 9 እና 10። ደግሞ እህት ነኝ።

የሕግ ጎረቤት፦
የግል ከሆነ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው የሚገዛችሁ። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ ይችላል። የውላቸውን ዓይነት ግን አንብቢ። የሥራ ልምድ ውለታ አይደለም። ሠራተኛው ሲጠይቅ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን ጽፎ በነጻ መስጠት የአሠሪው ግዴታ ነው። ቀሪ ክፍያውም ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለበት። ሳያስጠነቅቅ ጥሎ የሚሄድ ቢኖር ካሳ ይጠየቃል፣ እሱም ከ30 ቀን ደመወዝ አይበልጥም። እኔ ብሆን ያን ደብዳቤ አልጽፍም።

ተመራማሪው፦
ጉዳዩ ከሥሩ መታየት አለበት። እ.ኤ.አ. በ1939 ኩርት ሌዊንና ባልደረቦቹ የ10 ዓመት ልጆችን በቡድን ከፍለው በሦስት ዓይነት መሪ ሥር አሠሩ፤ አዛዥ፣ አሳታፊና ልቅ። አዛዡ ቆሞ ሲያያቸው ሥራው ይሄዳል። ከክፍሉ ሲወጣ ይቆማል። አሳታፊው ዘንድ ግን መሪው ወጥቶም ልጆቹ ይሠራሉ። በ1978 ደግሞ ጄምስ ማክግሬጎር በርንስ አመራርን በሁለት ከፈለው። አንደኛው ሰጥቶ በመቀበል ላይ የቆመ ነው። ሁለተኛው ተከታዩን ከፍ የሚያደርግ…

ቾክ በኪስ፦
ዶክተር፣ ሰኞ ሚድ ነው። በርንስ ፈተና ይቆጣጠርልናል?

እውነቱ ይነገር፦
ዳይሬክተር፣ አመራር ምናምን አትበሉ። መምህር የሚለቀው በደመወዝ ነው። ሌላ ቤት ጨምሮ ጠራቸው፣ ሄዱ። ብር ጨምሩ፣ ይቀራሉ።

ምክትል፦
ደመወዝ አይመስለኝም። አንደኛዋ የምትሄድበት ቤት ከእኛ እኩል ነው የሚከፍለው። ሳልጽፈው የቀረሁት አለ። ባለፈው ሳምንት ዳይሬክተሩ ሰልፍ ላይ ያረፈዱ መምህራንን ስም በማይክ አነበበ፣ ተማሪ ሁሉ ቆሞ። የፊዚክሱ ልጅ ያረፈደው 4 ደቂቃ ነው። አሁን ክፍል ሲገባ ከኋላ ወንበር «አራት ደቂቃ መጣ» ይሉታል። ሌሰን ፕላንም በቀይ ተሞልቶ በጥበቃው እጅ ነው የሚመለስላቸው። ላረፈዱበትም ከደመወዝ ይቆረጣል።

የሕግ ጎረቤት፦
ቆረጣውም እንደፈለጉ አይደለም። በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልተፈቀደ የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋል። ቢፈቀድም ባንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ ሲሶ አይበልጥም።

የገጠር መምህር፦
የእናንተው ቢያንስ ሰልፍ ላይ ይገኛል። የእኛው ሰው አይሳደብም፣ ግን የለም። ዛሬ ወረዳ ስብሰባ፣ ነገ ዞን ስልጠና። ተማሪ መምህር ቢማታ የሚዳኝ ጠፍቷል። እኛ ጋ መልቀቂያ አይጻፍም፣ ሁሉም የዝውውር ፎርም ይሞላል።

እውነቱ ይነገር፦
መንግሥት ቤት ያለው ዝውውር የሚሞላው ወደ ከተማና ወደ ቤተሰቡ ለመጠጋት ነው። እሱንም በዳይሬክተር አታላክኩ።

የገጠር መምህር፦
እኔ ተወላጅ ነኝ። ቤቴ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ነው። እኔም ሞልቻለሁ።

ናቲ፦
የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ አለ እኮ። አዋጅ 1156ን እዪው።

ቾክ በኪስ፦
ናቲ፣ ከላይ ተብሏል። አንብበህ ግባ እንጂ።

ጋሼ ጡረታ፦
ልጄ፣ ብዙ ዓመት ዳይሬክተር ነበርኩ። ናቲ የደገመውን አትናቂው። ማስጠንቀቂያው ዛሬ ከጀመረ ሰኞም አሉ ማለት ነው። ሚዱን ፈትነው፣ አርመው፣ ማርክ ሊስት ሞልተው ነው የሚሄዱት። ያ ደብዳቤ ከደረሳቸው ግን ነገውኑ ቦርሳቸውን ያነሳሉ፣ ካሳውንም ይከፍላሉ። ስለዚህ የሚያጣድፍሽ ሚዱ ሳይሆን ደብዳቤው ነው።

ሦስቱን አንድ ላይ ቢሮ አትጥሪ። ለየብቻ፣ ሻይ ቤት። «ምን ቢቀየር ትቀራለህ?» ብቻ በይ፣ ከዚያ ዝም። «ማይኩ ይቁም»፣ «የፔሬድ ሎዴ ይቀነስ» ብሎ የሚቆጥርልሽ ሊቀር ይችላል። «ምንም፣ ሰላም ነው» ያለሽ ሄዷል። የፊዚክሱ የሚመለስ አይመስለኝም። ክብሩ የተነካው ተማሪ ፊት ነው፣ እሱን ደመወዝ አይጠግነውም። በደንብ ሸኚው። የቀሩት መምህራን የሱን አሸኛኘት እያዩ ነው የሚወስኑት።

ዳይሬክተሩን ደግሞ «በደልክ» አትበዪው፣ አይሰማሽም። «የሒሳብ መምህር በዓመት ሁለቴ ሲቀየር ወላጅ ምዝገባ ላይ ይጠይቀናል» በዪው። ከሱ አንድ ነገር ብቻ ለምኚ። ያረፈደ መምህር ቢሮ ተጠርቶ በር ተዘግቶ ይነገረው።

ተመራማሪው፦
ጋሼ ያሉት በትክክል የአሳታፊ አመራር መርሕ ነው። ወደ በርንስ ልመለስና…

ቾክ በኪስ፦
ይመለሱ ዶክተር፣ እኛ ግን ወጥተናል።

ምክትል፦
አመሰግናለሁ ጋሼ። አንደኛዋን የሒሳብ መምህር አሁን ደውዬላታለሁ፣ ልንገናኝ ነው። ዳይሬክተሩ ግን ደብዳቤውን ከማታ በፊት በቴሌግራም ላኪ ብሏል።

የሕግ ጎረቤት፦
አዋጁን ፎቶ አንሥተሽ እሱን ላኪለት።

ናቲ፦
እህታችን፣ ደብዳቤው ምን ሆነ?

ስም የለኝም፦
የፊዚክሱ ቦታ ከተለቀቀ ፒጂዲቲ (የመምህርነት ድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ) የሌለው ትወስዳላችሁ? በሳምንት ስንት ፔሬድ ነው?