የሚቴን ማስወጫ መስመር ከ30% በታች ሲወርድ ፓምፑን ማጠንከር ይረዳል?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። በሎንግዎል ዘዴ (ረጅም የከሰል ግድግዳ በማሽን እየተላጠ) በሚሠራ የድንጋይ ከሰል ማውጫ፣ ከመመለሻ አየር መተላለፊያው (ያገለገለው አየር ከሚወጣበት) ወደ ጣሪያ በሰያፍ የተቆፈሩ፣ ሚቴን በፓምፕ የሚመጠጥባቸው ጉድጓዶች አሉ። ዋናው ቧንቧ ላይ ሚቴኑ ከ45% ወደ 29% ወርዷል። ፓምፑ ሲጠነክር ፍሰቱ ጨመረ፣ ሚቴኑ ግን ይብሱን ቀነሰ። ከየት ልጀምር?

የጋዝ መስመር
መጀመሪያ ፓምፑን ወደ ነበረበት ይመልሱት። መምጠጡ ሲበረታ ቀድሞ የሚገባው አየር ነው፤ በጉድጓዱ አፍ ዙሪያ በተሰነጠቀው ድንጋይ ይሾልካል። ሚቴን በአየር ውስጥ ከ5 እስከ 15% ሲሆን ይፈነዳል፤ የ30% ወሰን የተቀመጠው ከዚያ በደንብ ለመራቅ ነው።

ከዚያ በየጉድጓዱ አፍ ሚቴኑን፣ ፍሰቱንና ግፊቱን ይለኩ። አንዱ በደቂቃ 2 ሜትር ኩብ በ60%፣ ሌላው 3 ሜትር ኩብ በ8% ቢሰጡ፣ ሲቀላቀሉ 29% ገደማ ይሆናል። ሁለተኛውን ቢዘጉ የሚያጡት ንጹህ ሚቴን በደቂቃ 0.24 ሜትር ኩብ ብቻ ነው። ደግሞም ያ የ8% ቅርንጫፍ ብቻውን የሚፈነዳ ቅልቅል ተሸክሟል፤ ዋናው ቧንቧ ላይ ይህ አይታይም።

ቁፋሮ
በእኔ እምነት ዋናው ጥፋት አፉ አለመታሸጉ ነው። ቀጭን ቱቦ ወደ ጉድጓዱ አስገብታችሁ በየሜትሩ ናሙና ውሰዱ፤ ሚቴኑ ድንገት የሚወርድበት ቦታ አየር የሚገባበት ነው። ለአዲስ ጉድጓድ የአፉ ኬሲንግ (የጉድጓዱን ግድግዳ የሚሸፍነው ቱቦ) የተሰነጠቀውን ድንጋይ አልፎ ይግባ፤ ሁለት ሦስት ሜትር አይበቃም። ወደ ላይ ለሚወጣ ጉድጓድ ሲሚንቶው ከታች ይገፋል፣ የአየር መውጫው ቱቦ እስከ ላይኛው ጫፍ ይደርሳል። ሲሚንቶው በዚያ ቱቦ ተመልሶ ሳይፈስ የሲሚንቶውን ፓምፕ አታቁሙ። ሲደርቅ እንዳይኮማተር የሚያሰፋ ቅመም ይጨመርበት። በግፊት ከተፈተሸ በኋላ ቁፋሮው በኬሲንጉ ውስጥ በቀጭኑ መሰርሰሪያ ይቀጥላል።

የአየር ማናፈሻ
ውሃውንም አትርሱ። ቧንቧው ዝቅ ባለበት ሁሉ ውሃ ማጠራቀሚያ ይኑር፤ የግፊት መለኪያው መርፌ ከተወዛወዘ ውሃ ተኝቷል ማለት ነው። ከሚወጣው ጋዝ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ እየጨመረ ከሄደ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፦ የተሳበው አየር የቀረውን ከሰል እያሞቀው ሊሆን ስለሚችል መምጠጡ ወዲያው ይቀነስ።

ጠያቂው
አመሰግናለሁ። ደካማው ጉድጓድ ሲዘጋ በመመለሻው አየር ሚቴን ቢጨምርስ?

የጋዝ መስመር
ቫልቩን በአንዴ አይዝጉ፤ ጥቂት አጥብበው የመመለሻው ንባብ እስኪረጋ ይጠብቁ። ከፍ ካለ በዚያው ስፍራ በደንብ የታሸገ ምትክ ጉድጓድ ያስፈልጋል፤ እስኪቆፈር ድረስ የከሰል ማውጣቱን ፍጥነት ይቀንሱ።