ግናዋ ላይ ኪክ ሳስገባ ነፍሱ ይወጣል፤ ምን ላድርግ?

ላፕቶፕ_ከበሮ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ ጎበዞች። ማታ ማታ ላፕቶፕ ላይ ሃውስ (በማሽን ምት የሚሄድ የጭፈራ ሙዚቃ) የምሠራ ሰው ነኝ፤ ሥራዬ ሌላ ነው። አሁን አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል።

አንድ የግናዋ (የሞሮኮ ባህላዊ ሙዚቃ) ቅጂ አለኝ። ጊምብሪ አለው፤ ሦስት አውታር ያለው፣ ቆዳ የተወጠረበት፣ እንደ ቤዝ የሚያጉረመርም መሣሪያ። ከላዩ ቀራቅብ የሚሏቸው በእጅ የሚጋጩ ብረቶች ያለ ዕረፍት ይንቃጨላሉ። ብቻውን ስሰማው መቀመጥ ያቅተኛል።

ከሥሩ 118 ቢፒኤም (በደቂቃ 118 ምት) ላይ ኪክ፣ ማለትም የማሽኑን ወፍራም ከበሮ፣ ሳስገባ ግን ጉድ ይፈላል። መጀመሪያ ጥቂት ባር (አንዱ ባር አራት ምት ነው) አብረው ይሄዳሉ። ከዚያ ብረቶቹ ቀድመው ይሮጣሉ፣ ኪኩ ይቀራል። እሺ ብዬ ሁሉንም ኳንታይዝ ሳደርግ (ሶፍትዌሩ ምቶቹን ወደ እኩል መስመር ሲስባቸው) ጊዜው ቀጥ ይላል፤ ያ የሚያስጨፍረው ነገር ግን ድራሹ ይጠፋል። ቀራቅቡ የልብስ ስፌት መኪና ሆኖ አረፈው።

ሌላም አለ። የራሴን ቤዝ ስጨምር ጊምብሪው አይሰማም። ጊምብሪውን ከፍ ሳደርግ ደግሞ ሁሉም ነገር ይድፈነፈናል።

እንደ ሶርያዊው ዘፋኝ ኦማር ሱሌይማን ያሉትን ስሰማ ማሽኑና ባህሉ አንድ ነገር ናቸው። የእኔው ለምን ሁለት ዘፈን ይመስላል? የቻለ ይርዳኝ።

ሚክስ_ልጅ

ቀላል ነው ብሮ። ግሪድህን (ሶፍትዌሩ ጊዜን የሚከፍልበትን መስመር) ወደ ትሪፕሌት ቀይረው። እያንዳንዱን ምት ለአራት ሳይሆን ለሦስት ክፈለው፤ ኪኩ እዚያው አራቱ ላይ ይቆያል። እኔ ችክችካን ከሃውስ ጋር የማገናኘው እንደዚህ ነው፤ ቁጭ ይልልሃል።

ዘገምተኛው_ዲጄ

ሚክስ_ልጅ ያለው ለችክችካ ልክ ነው። ስድስት ስምንተኛ የሆነ ምት ሁሉ በዚያ መንገድ ከኪክ ጋር ይታረቃል። ግናዋ ላይ ግን አይሠራም። ለምን እንደሆነ ልንገርህ፤ ትንሽ ስለምረዝም ታገሠኝ።

ፋይሉን ክፈትና ቀራቅቡን አጉልተህ እየው። በሁለት ዋና ምቶች መካከል ያሉትን ጭረቶች ተመልከት። ለሦስት እኩል የተከፈሉ ቢሆኑ ትሪፕሌቱ ግሪድ ላይ ቁጭ ይሉ ነበር። ለአራት የተከፈሉ ቢሆኑ አሥራ ስድስተኛው ላይ ያርፉ ነበር። እነሱ ግን ሁለቱም ላይ አይደሉም። መሐል ላይ ናቸው። ጆሮህ አንዴ ሦስት፣ አንዴ አራት የሚሰማው ለዚህ ነው። የሚያስጨፍርህም እሱው ነው። ኳንታይዝ ያደረግህ ዕለት የጠፋው ይኸው መሐል ቤት ነው።

ሁለተኛ ነገር፦ ግናዋ እየፈጠነ ነው የሚሄደው። ቀስ ብሎ ይጀምርና ወደ መጨረሻው ይጋልባል። ሰዎቹ ጊዜ ስለሳቱ አይደለም፤ አጨዋወቱ ነው። አንተ 118 ላይ ችንክር አድርገህ የያዝከው ኪክ ነው ከቤቱ ውጪ የቀረው።

ስለዚህ ገልብጠው። ቅጂውን ወደ ኪኩ አትጎትት፣ ኪኩን ወደ ቅጂው ውሰድ። ጊምብሪው የባሩን መጀመሪያ የሚመታበትን ቦታ በጆሮህ እየለየህ ምልክት አድርግ። ከዚያ የፕሮጀክቱ ቢፒኤም ያንን ምልክት እንዲከተል አድርገው። አሰልቺ ነው፤ ቡና አፍልተህ ተቀመጥ። ኤብልተን የተባለውን ሶፍትዌር የምትጠቀም ከሆነ ደግሞ ከቀራቅቡ ግሩቭ (የምቶቹን አወዳደቅ) አውጥተህ ለሃይሃትህና ለፐርከሽንህ ልታለብሳቸው ትችላለህ። ያኔ ማሽኑም እዚያው መሐል ላይ ይወድቃል።

ይህን ከነሕይወቱ መስማት ከፈለግህ «ማርሐባ» የተባለውን የ2015 ሥራ ፈልግ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምጠራው)። የግናዋው ማዓሌም (ሊቅ) ማሕሙድ ጊኒያ ከኤሌክትሮኒክ ሙዚቀኞቹ ከጄምስ ሆልደንና ከፍሎቲንግ ፖይንትስ ጋር የሠሩት ነው። ማራኬሽ ላይ አብረው ተጫውተው ነው የቀዱት እንጂ ሳምፕል (ከሌላ ቅጂ የተቆረጠ ድምፅ) አልለጠፉም። ሲንተሳይዘሩ ከጊምብሪው ኋላ ኋላ ሲከተል ትሰማዋለህ። ማዓሌሙ በዚያው ዓመት ኦገስት ውስጥ ነው ያረፉት፤ እንኳን ተቀዳ።

ስለ ቤዙ ደግሞ፦ ለምን ጨመርክ? ጊምብሪው እኮ ቤዝ ነው። ከበሮም ነው፤ ተጫዋቹ አውታሩን ሲመታ ጣቱ ቆዳውንም ያንኳኳል። ቤዝህን ሰርዝና ኪክህን አሳጥረው፤ ጅራቱ ቶሎ ይቆረጥ። ያ ሁሉ መድፈንፈን የሚመጣው ሁለት ወፍራም ድምፅ አንድ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ነው። የደቡብ አፍሪካውን አማፒያኖ ልብ ብለህ ስማ። ሎግ ድራም የሚሉት ድምፅ ቤዝም ከበሮም ሆኖ ይሠራል፤ ኪኩ ደግሞ ለስልሶ ቦታ ይለቅለታል።

ኦማር ሱሌይማንን ያነሳኸው ጥሩ ነው። ግን ሰውየው ከስቱዲዮ አልመጣም። ሰሜን ምሥራቅ ሶርያ ውስጥ የሠርግ ዘፋኝ ነበር። ኪቦርዱን ይጫወትለት የነበረው ሪዛን ሳኢድ የዳብኬን (እዚያ በሠርግ የሚጨፈረውን) ምት ከነዜማው በጣቱ ያውቀዋል። የዐረቡ ዜማ ከፒያኖ ቁልፎች መሐል የሚወድቁ ድምፆች አሉት፤ ለዚያ ገበያ የሚሠሩት ኪቦርዶች አንዳንዱን ቁልፍ ሩብ ድምፅ ዝቅ ማድረግ ይችላሉ። ስለዚህ ማሽኑ መጀመሪያውኑ ቋንቋውን ይናገር ነበር። ማንም «ላዋህድ» ብሎ አልተነሳም። ሠርግ ነው፣ ሰው መጨፈር አለበት፣ በቃ።

ቻራንጂት ሲንግም እንዲሁ። የቦሊውድ ስቱዲዮ ተጫዋች ነው። በ1982 አሥር ራጋዎችን (የህንድ ባህላዊ የዜማ ስልቶችን) በሮላንድ 808 ከበሮና በ303 ቤዝ ማሽን ቀዳ። 303 ከአንድ ድምፅ ወደ ሌላው ሲንሸራተት የራጋ አዘፋፈንም ይንሸራተታል፤ ተገጣጠሙ። የቺካጎዎቹ «አሲድ» (የሃውስ ዓይነት ነው) በዚያው ማሽን የወጣው በ1987 ነው። የሲንግ አልበም ግን ያኔ ዘወር ብሎ ያየው ሰው አልነበረም። በ2010 እንደገና ሲታተም ነው ዓለም ጉድ ያለው። ከእኛም ኃይሉ መርጊያ በ1985 አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከድራም ማሽን ጋር አጫውቶታል። የእሱም በ2013 ነው ዳግመኛ የታተመው። ይህ ነገር ትናንት የተጀመረ የሚመስላቸው ልጆች ሲያጋጥሙኝ እነዚህን ሁለቱን ነው የማስከፍታቸው።

ሚክስ_ልጅ

እሺ ስለ ግሪዱ እጅ ሰጥቻለሁ 😂 ግን ኪኩን አታሳንሱት። ሰው የሚጨፍረው በኪክ ነው። ያለ ኪክ ዲጄ አይጫወትልህም።

ሰሚ_ጆሮ

ስለ ቴክኒኩ በቂ ተብሏል። እኔ አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ቅጂውን ከየት አመጣኸው? ዜማው ጥንታዊ ስለሆነ «የማንም አይደለም» የሚሉ አሉ። ቅጂው ግን የቀዳው አለው፤ የተጫወተውም ሰው ስም አለው።

ዲፕ ፎረስት የተባለውን የፈረንሳይ ቡድን ታሪክ አስታውሱ። በ1992 ዓለምን ያዳረሰው ዘፈናቸው ላይ ያለችው ድምፅ አፉናክዋ የምትባል የሰለሞን ደሴቶች ሴት ናት። የምትዘፍነው እሹሩሩ ነው። የቀዳው ሁጎ ዜምፕ የተባለ የሙዚቃ ተመራማሪ ነበር። አልበሙ የሚታወቀው ግን በመካከለኛው አፍሪካ ደን ነዋሪዎች ድምፅ ነው። ከውቅያኖስ ማዶ ያለችን ሴት እዚያ ውስጥ ከተቷት። ዜምፕ ቆይቶ ቅሬታውን በጽሑፍ አውጥቷል። ገንዘቡን ተውት፤ ስሟን መጥራት ምን ያስከፍል ነበር?

ስለዚህ ከማውጣትህ በፊት ጠይቅ። ሰዎቹ በሕይወት ካሉ ደግሞ ከመለመን አብሮ መሥራት ይሻላል። ዘገምተኛው የነገረህ «ማርሐባ» እኮ እንደዚያ ነው የተሠራው።

ላፕቶፕ_ከበሮ (ጠያቂ)

ኧረ ተባረኩ! ሰሚ_ጆሮ፣ ቅጂው ከአንድ ሞሮኳዊ ጓደኛዬ ነው፤ አጎቱ ናቸው የሚጫወቱት። ስማቸው ከእኔ ስም ቀድሞ ይጻፋል፤ ገቢ ከተገኘም እንካፈላለን ብለናል።

ዘገምተኛው፣ ቤዙን ሰረዝኩት። ወዲያው ጊምብሪው ብቅ አለ! ኪኩንም አሳጠርኩት። አሁን ምልክት እያደረግሁ ነው፤ 118 አካባቢ ጀምሮ 127 ገደማ ይጨርሳል። ግን ሚክስ_ልጅ ያለው አስፈራኝ። እንዲህ የሚፈጥን ትራክ ለዲጄ እንዴት ይሰጣል? ሲንክ (ሁለት ትራክ በራሱ የሚያገጣጥመው) አይሠራለትም።

ዘገምተኛው_ዲጄ

መግቢያና መውጫ ሥራለት። ግናዋው ከመግባቱ በፊት 32 ባር በማይንቀሳቀስ 118 ላይ ኪክና ሃይሃት ብቻ ይሂድ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ብረቶቹ ሲያልቁ ሌላ 32 ባር በ127 ተወው። ዲጄው በ118 ይገባል፣ በ127 ይወጣል፤ መሐሉን አይነካውም። የፋይሉ ስም ላይ ሁለቱንም ቁጥር ጻፍ፤ አለበለዚያ ሶፍትዌሩ አማካይ አውጥቶ ያሳስተዋል። ሲያልቅ እዚህ ለጥፈው፤ ቅዳሜ ማታ እኔው እሞክርልሃለሁ።